ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ዝናብ አልነበረም

ቤታችን አሮጌ የተማሪ ሰርቪስ ናት። ከውስጥ ስትለካ ስድስት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ወርድ አላት። እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመቷ ልጃችን ከሰኔ 2016 ጀምሮ ደሴ ላይ የምንኖረው እሷ ውስጥ ነው።

የሚያየን ሁሉ ይጠይቃል። አብዛኛው ገርሞት ነው። አልፎ አልፎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እውነት ይኖርበታል?" የሚል ሰው ይመጣል። የኪራይ ጭማሪ ያንገሸገሸው ሰው ነው። ወይ ደግሞ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ጥግ ቦታ አግኝቶ፣ ቤት ለመስራት አቅም ያጠረው። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። አዎ፣ ይኖርበታል። ግን እኛ ስምንት ወር ሙሉ ስለ አልጋ፣ ስለ ቁምሳጥንና ስለ ቀለም ስንጨነቅ፣ መጀመሪያ ልናስብበት የሚገባው ውሃ ነበር። ውሃ ስል ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ አይደለም።

መኪናዋ ቅጥቅጥ አይሱዙ ናት። ሞተሩና ቻንሲው ከውጭ የመጣ ነው። ቦዲዋ ግን እዚሁ አገር በቱቦላሬና በላሜራ ተበይዶ የተሰራ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለዓመታት ተማሪ ስታመላልስ ኖረች። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ባትሪዋም ጎማዎቿም ጠፉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ሜዳ ላይ ቆመች። ስንገዛት ወንበሮቿ ስር የእርሳስ ቁራጭና የከረሜላ ወረቀት ነበር። ልጄ አንዷን እርሳስ እስካሁን አስቀምጣታለች።

ጥቅምት 2016 ስንገዛት ሩቅ አገር እንድታደርሰን አልነበረም። የሐረጎን ዳገት አንድ ጊዜ ወጥታ ደሴ፣ አማቴ ግቢ እንድትገባልን ብቻ ነበር። ስለዚህ ለማየት ስንሄድ ከመካኒኩ ጋር በያጅም ይዘን ሄድን። በያጁ አጎቴ ነው። መዶሻ ይዞ ከስሯ ገባ። ቻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመታ ድምፁን አዳመጠ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ ዝገት የበላው ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ የወለሉን ጎማ በቢላ ሰንጥቆ ገለጠው። ሻጮች ይህን አይወዱም። እናንተ ግን አስገልጡ። ዝገት የሚደበቀው እዚያ ነው፤ በተለይ ከኋላ ጎማዎቹ በላይና ከበሩ ደረጃ ስር። የኛ ወለል ሁለት ቦታ በጣት ተበስቷል። አጎቴ "ሞተር ይጠገናል፣ ወለልም ይቀየራል፤ የበሰበሰ ቻንሲ ግን ጥዬ ነው የምሄደው" አለኝ። ቻንሲዋ ደህና ነበር። ገዛናት።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር ልበል። ሊብሬው ላይ ያለው የቻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ። ስም ሳታዞሩ አንድ ወንበር እንዳትነቅሉ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ ወንበር ስትነቅሉ ከወረቀቱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መኪናዋን ለማንቀሳቀስ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ። የብር መጠን አልጽፍም። የብረት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የኛ ሂሳብ እናንተን ያሳስታል። ለመኪናዋ የከፈልነው ግን ከጠቅላላ ወጪያችን ግማሹን አይሞላም። ገንዘባችሁን መግዣው ላይ አትጨርሱ።

ባለቤቴ ሀሳቡን ያመጣው ዩቲዩብ ላይ አይቶ ነው። አሜሪካኖች የተማሪ አውቶብስ ቤት ሲያደርጉ "ስኩሊ" ይሉታል። ሙያቸውን አከብራለሁ፤ ብዙ ተምረንበታል። ግን እነሱ ውሃና መብራት የተዘረጋለት ማቆሚያ አላቸው። ውስጡን በትንሽ ማሞቂያ ያደርቁታል። የሚቀቅሉትም እንደኛ አይደለም። ቡና ሦስት ጊዜ የሚፈላበት፣ ሽሮ የሚንተከተክበት፣ ክረምት ላይ የልጅ ልብስ ውስጥ የሚሰጣበት ቤት ሌላ ነው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሥራውን የሰራነው ኮምቦልቻ ነው። ወንበሮቹን ነቀልን፤ ሁለቱን ብቻ ለመቀመጫ አስቀረን። የወለሉን የበሰበሰ ላሜራ አጎቴ ቆርጦ በአዲስ ቀየረው። ከመስኮቶቹ ግማሹን በላሜራ ዘጋን። ይህን ብታደርጉ አይቆጫችሁም። ሰርቪስ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። መስታወት ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያበርዳል፣ ቁምሳጥን የምታስደግፉበት ግድግዳም አይተውላችሁም።

ከጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላውን አወረድነው። የተበየደበትና በብሎን የታሰረበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነበር። ሁሉንም ደፈንን፤ ጣሪያውንም ነጭ ቀለም ቀባን። ነጭ ቀለም ለኮምቦልቻ ፀሐይ ትልቅ ልዩነት አለው። ከዚያ የውስጡን ኮርኒስ ከመምታታችን በፊት በጎማ ቱቦ ለግማሽ ሰዓት ውሃ አፈሰስንባት። እኔ ውስጥ ሆኜ በባትሪ እያየሁ ነው። ውሃ ተንኮለኛ ነው፤ ከፊት ገብቶ ቱቦላሬውን ተከትሎ ኋላ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ውሃውን ከታችኛው ጥግ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። አንዱን ቦታ ሳትጨርሱ ሌላው ጋ አትሂዱ። የሚያፈሰው ቦታ በትክክል የሚታወቀው እንደዚያ ነው።

ፈተናውን አለፈች። ደስ አለን። ጣሪያውንና ግድግዳውን ከውስጥ ስፖንጅ አለበስን። ፍራሽ ቤት በቅናሽ ያገኘነው ስፖንጅ ነበር። በላዩ ላይ ፕላይውድ መታን። ኮምቦልቻ እያለን አንድም ችግር አላየንም። ሌሊቱ ለስላሳ ነው። መስኮት ከፍተን ነበር የምንተኛው።

ሰኔ ላይ ሐረጎን ወጣን። ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ግን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ በአንድ ዳገት ይለወጣል። በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን፣ ሁለት ቦታ ቆመን ራዲያተሩን አብርደን ጦሳ ተራራ ግርጌ ደረስን። የግቢው አዛውንቶች ቡና አስፈልተው ዱዓ አደረጉልን፤ የቤቱን በረካ ለመኑልን። አማቴ ዳቦ ቆረሱ። ያን ቀን ማታ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ሞላው። ልጄ "እማዬ፣ ደመና ውስጥ ገባን" አለች።

ሐምሌ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ አልጋው ጥግ፣ ቀጥሎ ከወጥ ቤቷ በላይ። ያው ዝናብ ነው አልን። ደሴ ዘነበ ማለት መቼም ታውቃላችሁ። አጎቴ ከኮምቦልቻ መጥቶ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ማስቲሽ ቀባ። ለሁለት ቀን የቆመ መሰለ። ከዚያ ሌላ ቦታ ያዘ። እንደገና መጣ። ሦስተኛ ጊዜም መጣ። ነሐሴ ላይ የፍራሹን ታች ገልጬ ሳየው ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል። ልጄ ማሳል ጀመረች። ማታ ማታ ባለቤቴ ተኝቶ እኔ ጠብታ እቆጥር ነበር። ልጄን ይዤ ምን ውስጥ ነው የገባሁት እያልኩ ያለቀስኩበት ሌሊት አለ።

ህዳር ገባ። ሰማዩ ጠራ። ሌሊቱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ሆነ። ለሳምንታት ጠብታ ዝናብ አልወረደም። ጣሪያችን ግን ያንጠባጥባል። እንዲያውም ባሰበት።

ባለቤቴ ወደ መኪናዋ የድሮ ሾፌር ደወለ። ምናልባት የሚያውቀው ቀዳዳ ይኖራል ብለን ነው። ሾፌሩ ትንሽ አሰበና "እሷ ድሮም ያልባታል" አለ። "ጠዋት ተማሪው ሲሞላ መስታወቱ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። ልጆቹ በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል። እኔ በጋዜጣ እየወለወልኩ ነበር የምነዳው።"

ስልኩ ተዘግቶ ዝም ብለን ተያየን። ውሃው ከውጭ አልነበረም። ከኛው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ ከሩብ ሊትር በላይ ውሃ ያወጣል። ሦስት ሰው ሲሆን ሊትር ይጠጋል። አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ነዶ ሲያልቅ፣ እሳቱ ራሱ አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። የድስቱን እንፋሎት ሳንቆጥር ማለት ነው። የተሰጣ ልብስ ጨምሩበት። ይህ ሁሉ እርጥበት የሞቀ አየር ውስጥ አይታይም። ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ግን ወዲያው ውሃ ይሆናል። የህዳር ሌሊት ደግሞ ጣሪያውን እንደ በረዶ ያደርገዋል። የጭቃ ቤት ግድግዳ እርጥበት ይመጥጣል፣ ቀን ላይ መልሶ ይተፋል። ላሜራ አይመጥጥም። ስፖንጁ ደግሞ እንፋሎቱን አሳልፎ ለብረቱ ይሰጠዋል፤ ብረቱ ላይ የሆነውን ውሃ መልሶ ይጠጣል፤ ሲጠግብ ያንጠባጥባል። አጎቴ በማስቲሽ ቀዳዳ ሲፈልግ የኖረው በከንቱ ነበር።

ታህሳስ ላይ ኮርኒሱን ነቀልነው። ስፖንጁ ታጥቦ ያልተጨመቀ ልብስ ነበር የሚመስለው። ቱቦላሬዎቹ ዝገት ጀምረዋል። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ! ቀጥሎ የምጽፈውን እናንተ መጀመሪያውኑ እንድታደርጉት እመኛለሁ።

ብየዳ ሁሉ ከማለቁ በፊት ምንም አታልብሱ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንስታችሁ አንቲረስት ሁለት እጅ ቀቡ፤ በደንብ ይድረቅ። ስፖንጅ ተዉት። ነጩን ደረቅ ፎም ግዙ፤ ቲቪና ፍሪጅ ተጠቅልሎበት የሚመጣው ዓይነት ነው፣ በወፍራም ሉክ ይሸጣል። እኛ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ተጠቀምን። በቱቦላሬዎቹ መካከል ልክ እንዲገባ ቆርጣችሁ ከላሜራው ጋር አጣብቁት። ከጀርባው አየር የሚዞርበት ክፍተት ካለ እዚያው ያልባል። ማጣበቂያውን ግን በቁራጭ ፎም ላይ ሞክሩት። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸቱት ማስቲሾች ፎሙን እንደ ስኳር ያቀልጡታል። ስንጥቁን ሁሉ በቆርቆሮ በሚሸጠው የሚያብጥ ፎም ሙሉት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቱቦላሬውን ነው። በፎሙ መካከል የብረቱ አጥንት ባዶ ከቀረ ብርዱ በእሱ በኩል ይገባል። ልክ በአጥንቱ መስመር ጣሪያችሁ ላይ ውሃ ይደረደራል። እኛ በእያንዳንዱ ቱቦላሬ ላይ ቀጭን ፎም ለጥፈን፣ በላዩ የእንጨት ሞራሌ አሰርን። ከዚያ ጠቅላላውን በወፍራም ላስቲክ ሸፈንነው፤ መገጣጠሚያውንም በፕላስተር ዘጋን። እንፋሎቱ ወደ ብረቱ መንገድ እንዳያገኝ ነው። በመጨረሻ ፕላይውዱ ሞራሌው ላይ ተመታ። ፎም እሳት ይወዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ስለዚህ የትም ቦታ ገላውን ባዶ አትተዉት፤ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በላሜራ ሸፍኑት።

ይህ ሁሉ ሆኖም እርጥበቱ የሚወጣበት ካልተደረገለት ሌላ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። በሩ አጠገብ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ ደግሞ ጣሪያው ስር ከፍ ያለ ቀዳዳ ከፍተን ወንፊት አደረግንበት። አማቴ ተቆጡ። "ልጄ፣ ሕፃን ይዘሽ ሌሊት መስኮት ትከፍቻለሽ? ነፋስ ይመታታል!" አሉ። አልተከራከርኳቸውም። የላይኛው ቀዳዳ ከሁላችንም ጭንቅላት በላይ መሆኑን፣ የታችኛውም ከአልጋው መራቁን አስገብቼ አሳየኋቸው። እጃቸውን አልጋው ላይ ዘርግተው ነፋስ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ "አብሽሪ በቃ" አሉ። ልብስ ውስጥ መስጣት አቆምን። በሩ ፊት ሸራ ወጥረን ገመዱን እዚያ አሰርን።

አሁን ስለ ከሰል። ይህን በጥሞና አንብቡልኝ። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ቡና ካፈላሁ በኋላ ምድጃውን ለሙቀት ብዬ ውስጥ ተውኩት። ቀልቷል፣ ጭስ የለውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጄ "ራሴን" እያለች አለቀሰች። እኔም ልነሳ ስል እግሬ ተብረከረከ። ባለቤቴ በሩን በርግዶ ከፍቶ አወጣን። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም የሚገድለው ጋዝ አይጠፋም፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የጭቃ ቤትና የሳር ክዳን በየስንጥቁ ያስወጣዋል። በፎም የታሸገ ላሜራ ግን አያስወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናዬን የማፈላው ሸራው ስር ነው። ዝናብ ቢሆንም። እጣንም እዚያው። ሲሊንደሩም ውጪ፣ ከታች ክፍት በሆነ ሳጥን ውስጥ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል።

ሌላውን ባጭሩ። የኛ አይሱዙ የመብራት መስመሯ 24 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልት የውሃ ፓምፕ በቀጥታ ሰክተን አቃጥለነዋል፤ ሳትለኩ አትሰኩ። ለቤቱ ለብቻው ባለ 200 ዋት ሁለት ሶላርና ባትሪ አለን። አምፖል፣ ስልክ፣ ላፕቶፕና ትንሽ ቲቪ ይችላል። የሐምሌ ጉም ሲወርድ ግን ቲቪው ይቅር እንላለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል፤ በሶላር አታስቡት። እንጀራ የምንጋግረው አማቴ ጋ ነው።

ውሃ ከጣሪያው እንቀዳለን። ጣሪያዋ 14 ካሬ ያህል ነው፤ አሥር ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 140 ሊትር ማለት ነው። ለእጥበት ይበቃል። ሽንት ቤታችን የግቢው ነው። ለሌሊት ባለ ክዳን ባልዲ አለን። ከእንጨት ቤት በነፃ የምናመጣውን ሰጋቱራ እንነሰንስበታለን፤ አይሸትም።

ማቆሚያ ቦታውን ቸል አትበሉ። ደሴ ሜዳ የላትም። የኛ ግቢ ዳገታማ ስለሆነ ቻንሲውን በክሪክ አንስተን በድንጋይና በወፍራም ጣውላ አስተካከልነው፤ በዙሪያዋም የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን። ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ ውሃው ከብርጭቆው አፍ ጋር እኩል ካልሆነ ገና ሥራ አለ ማለት ነው። ዘንበል ያለ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው እንዴት እንደሚነጫነጭ ከባለቤቴ አይቻለሁ። አማቴ ግቢ መሆናችን ለመታወቂያም ለእድርም ረድቶናል። የእድሩ ጸሐፊ አድራሻችንን ሲመዘግቡ ትንሽ አሰቡና "ከእናታቸው ቤት ጎን፣ መኪናው ውስጥ" ብለው ጻፉ።

የ2017 ክረምት መጣ። ሐምሌ ላይ በየጠዋቱ ገና ከአልጋ ሳልነሳ እጄን ሰድጄ ኮርኒሱን እነካ ነበር። ደረቅ። በማግስቱም ደረቅ። ነሐሴ አለቀ፤ ፍራሹን ገለበጥኩት፤ ደረቅ ነው። የልጄ ሳል ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው የኋላው በር ፍሬም ነው። እዚያ ጋ ብረቱ ፎም አልገባበትም፤ ጠዋት ላይ አሁንም ያልበዋል። ጥቅምት ላይ አጎቴ መጥቶ ይከፍተዋል።